ዛፍ ላይ የወጣ ጉንዳን ሁሉ ተባይ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ክረምት በገባ ቁጥር በጋዜጣችሁ የሚወጡትን የችግኝ ተከላ ዘገባዎች ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። የተተከለው ችግኝ ብዛት፣ የወጣው ሕዝብ ቁጥርና የጸደቀው በመቶኛ ተዘርዝሮ ይቀርባል፤ ችግኙ ዛፍ ሲሆን በላዩ ማን እንደሚኖር የሚያነሳ ጽሑፍ ግን እምብዛም አላየሁም። ለዚህ ደብዳቤ ዋና ምክንያት የሆነኝ ከዘገባዎቹ ይልቅ በችግኝ ጣቢያዎችና በአትክልት ቦታዎች ሥር እየሰደደ የመጣ አንድ ልማድ ነው። በኮምቦልቻና በሐይቅ ዙሪያ፣ ወደ መርሳም ዝቅ ሲባል፣ ጉንዳን በግንዱ ሲወጣና ሲወርድ የታየበት ዛፍ እንደ ታመመ ተቆጥሮ ፀረ ተባይ ሲረጭበት አያለሁ። ግራር ይሁን ብሳና፣ ብርቱካን ይሁን ኮክ ልዩነት አይደረግም። ጉንዳኑ እዚያ ዛፍ ላይ ምን ሊሠራ እንደወጣ ሳይጠየቅ የሚካሄደው ይህ ርጭት ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ዛፉን ያለ ጠባቂ ሊያስቀረው እንደሚችል፣ ለዓመታት ሥነ ሕይወት ያስተማርኩ እንደመሆኔ፣ ለአንባቢዎቻችሁ ላስረዳ እወዳለሁ።

በሞቃታማው የዓለም ክፍል በርካታ ዕፅዋት ከጉንዳን ጋር የሚኖሩት ተስማምተው ነው። ዛፉ ማደሪያ ወይም ምግብ፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ያቀርባል፤ ጉንዳኑ በፈንታው ቅጠል በሎችን ይነክሳል፣ ያባርራል። በኒካራጓ የወርቅ ማዕድን ሥራ ይመራ የነበረው እንግሊዛዊው ቶማስ ቤልት እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እሾሁ የበሬ ቀንድ የሚመስል አንድ የግራር ዓይነት ጉንዳኖችን በእሾሁ ውስጥ እንደሚያኖር፣ በቅጠሉ ዘንግ ላይ ጣፋጭ ፈሳሽ እንደሚያመነጭላቸውና በደቃቅ ቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ደግሞ የሚመገቧቸውን ቢጫ ፍሬ መሰል አካላት እንደሚያበቅልላቸው ገልጿል። ጉንዳኖቹ ለዛፉ ይጠቅሙታል ማለቱ ግን ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል፤ ጉንዳኑ ጥገኛ እንጂ ጠባቂ አይደለም የሚሉ የታወቁ ሊቃውንት ነበሩ። ክርክሩ መልክ የያዘው አሜሪካዊው ዳንኤል ጃንዘን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ውስጥ ከአንዳንድ ዛፎች ጉንዳኖቹን አስወግዶ፣ ጉንዳን ካልተነካባቸው ዛፎች ጋር ካነጻጸረ በኋላ ነው። ጉንዳን አልባዎቹ በነፍሳት ተበሉ፣ ሐረግ ተጠመጠመባቸው፣ ዕድገታቸው ተጎተተ፣ ብዙዎቹም ደረቁ። ጉንዳኖቹ አባጨጓሬና ፌንጣ ከማባረር አልፈው ወደ ዛፉ የሚጠጋውን ሐረግና አረም ሁሉ እየነከሱ ያጠፉለት እንደነበር የታወቀው ያኔ ነው።

ይህ ዝምድና የዋህ ፍቅር እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት። በዚሁ በመካከለኛው አሜሪካ ግራር ላይ የተሠራ የቅርብ ጊዜ ምርምር እንዳሳየው፣ ዛፉ የሚያመነጨው ፈሳሽ በጉንዳኑ ሆድ ውስጥ ተራውን ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያግድ ፕሮቲን አለበት። ጉንዳኑ አንዴ ከዚህ ፈሳሽ ከቀመሰ በኋላ ሌላ ዕፅ የሚያቀርበውን ስኳር መፍጨት ይሳነዋል፤ ዛፉ አስቀድሞ ፈጭቶ በሚያቀርብለት ስኳር ላይ ጥገኛ ሆኖ ይቀራል። ደመወዙ ራሱ ሠራተኛው ወደ ሌላ ቤት እንዳይሄድ የሚያስር ገመድ ሆነ ማለት ነው።

ከእኛ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስንመጣ ደግሞ በዓለም ላይ በጥልቀት ከተጠኑት አንዱ የሆነ የጉንዳንና የዛፍ ኑሮ እናገኛለን። በኬንያ ላይኪፒያ የጥቁር አፈር ሜዳ ላይ ከሚበቅለው ዛፍ እጅግ አብዛኛው አካሺያ ድሬፓኖሎቢየም የተባለው ግራር ነው። የአንዳንዱ እሾህ ሥር ያብጥና ክፍት ይሆናል፤ ጉንዳኖች ቀዳዳ ያበጁበትና ይገቡበታል፤ ነፋስ በቀዳዳዎቹ ላይ ሲነፍስ ስለሚያፏጭም ዛፉ «የሚያፏጨው ግራር» ይባላል። በዚህ ዛፍ ላይ አራት የጉንዳን ዝርያዎች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መንጋ ብቻ የተያዘ ሲሆን፣ መንጋዎቹ ዛፍ ለመያዝ ይዋጋሉ።

አራቱም ታዲያ እኩል ጠባቂዎች አይደሉም። ክሬማቶጋስተር ሚሞሴ የተባለው በብዛት የሚገኘው ነው፤ ዛፉ ሲነካ ወዲያው ግር ብሎ ይወጣል፣ የዛፉን ፈሳሽም ይጠጣል። ክሬማቶጋስተር ኒግሪሴፕስ እሱም ተዋጊ ነው፤ ነገር ግን የዛፉን ለጋ ጫፎችና እንቡጦች እየቆረጠ ስለሚጥል በእሱ የተያዘ ዛፍ ማበብና ማፍራት ያቅተዋል። ይህን የሚያደርገው ዛፉ ተንሰራፍቶ ሌላ መንጋ ካለበት ጎረቤት ዛፍ ጋር እንዳይነካካ ነው ተብሎ ይታመናል። ቴትራፖኔራ ፔንዚጊ በበኩሉ ሌሎች ጉንዳኖች እንዳይሳቡ ፈሳሹ የሚወጣባቸውን ዕጢዎች እየበላ ያጠፋል። አራተኛው ክሬማቶጋስተር ሾስቴቲ ያበጠውን እሾህ አይኖርበትም፤ የሚያድረው ረጅም ቀንድ ያላቸው ጥንዚዛዎች እጭ ግንዱን ቦርቡሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለሆነም ዛፉን ከጥንዚዛው የመጠበቅ ፍላጎት የለውም፤ የሚጠቅመው ቡርቡሩ ሲበዛ ነው።

ይህን ሲሰሙ አንድ ጥሩ ጉንዳን መርጦ ሌላውን ማጥፋት ይሻል ነበር የሚሉ ይኖራሉ። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ቶድ ፓልመርና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት የዛፉን ሙሉ ዕድሜ ሲያሰሉ፣ በየዕድሜው ደረጃ አራቱንም ጉንዳኖች በየተራ ያስተናገደ ዛፍ አንዱን ብቻ ይዞ ከሚኖረው የበለጠ ዘር ሊተካ እንደሚችል አግኝተዋል። በችግኝነቱ ፍሬ የሚከለክለው ጉንዳን ያኔ ለማፍራት ባልደረሰ ዛፍ ላይ ኪሳራው ትንሽ፣ ጥበቃው ግን ትልቅ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ምርምር ይህን ውጤት እጅግ አደንቃለሁ፤ የአንድን ጉንዳን ጥቅምና ጉዳት በአንድ ወቅት አይቶ መፍረድ እንደማይቻል ያሳያልና።

አሁን ወደ ወሎ ልመለስ። በእኛ አካባቢ ጉንዳን በእሾሁ ውስጥ የሚያኖር ግራር በየመንገዱ ይገኛል ብዬ አንባቢን ማሳሳት አልሻም። የደሴን ያህል ከፍታ ባለው ደጋ እንዲህ ያለ የጠበቀ ዝምድና እምብዛም አይጠበቅም፤ በብዛት የሚታየው ከዚያ ዝቅ ባለ ሞቃት ቦታ ነው። ነገር ግን ማደሪያ የማይሰጥ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ ብቻ እያቀረበ ጉንዳንን የሚጠራ ተክል በደጃችን ሞልቷል። በቆቦና በባቲ ቆላ፣ በወይና ደጋውም የምናውቃቸውን ግራሮች ቅጠል ቀጥፎ ዘንጉን ላስተዋለ ሰው እንደ ኪንታሮት ጎላ ያለች ትንሽ ዕጢ ትታየዋለች፤ ፈሳሹ የሚወጣው ከእሷ ነው። ብሳና ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግራና ቀኝ ሁለት ዕጢዎች አሉት። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ጉሎም በቅጠሉ ዘንግ ላይ ያለ አጉሊ መነጽር የሚታዩ ዕጢዎች አሉት፤ ለተማሪዎች ለማሳየት ከእሱ የሚቀል አላገኘሁም። ኮክም እንዲሁ ነው። ዛፍ ባይሆንም የደጋው ባቄላ እንኳን በቅጠሉ ሥር ባሉት ትንንሽ ጆሮ መሰል ቅጠሎች ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ያቺ ጥቁር ነጥብ የጉንዳን መጠጫ ናት።

ብሳና በቤተሰቡ ከደቡብ ምሥራቅ እስያው ማካራንጋ ጋር ይዛመዳል። ከማካራንጋ ዝርያዎች ከፊሉ ክፍት በሆነ ግንዳቸው ውስጥ ጉንዳን ያኖራሉ፤ ሌሎቹ ፈሳሽ ብቻ ይሰጣሉ። ፈሳሽ ብቻ ከሚሰጡት በአንዱ ላይ የተሠራ ጥናት ቅጠሉ ሲነከስ ዛፉ የፈሳሹን መጠን እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ተክሉ ጠላት ሲመጣበት ጠባቂዎቹን በብዛት ይጠራል ማለት ነው። የዋንዛ ዘመድ የሆነ አንድ የመካከለኛው አሜሪካ ዛፍም በቅርንጫፎቹ መጋጠሚያ ላይ በሚፈጠሩ ክፍት እብጠቶች ውስጥ አዝቴካ የተባሉ ጉንዳኖችን ያኖራል። የእኛው ዋንዛ ይህን አያደርግም። በአሜሪካ በኮክ ላይ በተደረገ ሙከራ ደግሞ ዕጢ ባላቸው ዛፎች ላይ ጉንዳን እንዳይወጣ ሲከለከል ዛፎቹ በቅጠል በሎች ይበልጥ ተጎድተዋል። እንግዲህ በደሴ ዙሪያ ኮክ የተከለ ገበሬ ግንዱ ላይ ጉንዳን አየሁ ብሎ መርጫ ጀርባው ላይ ከማዘሉ በፊት ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

ጉንዳን ሁልጊዜ የዛፍ ወዳጅ ነው ማለቴ አይደለም። በብርቱካንና በሌሎች አትክልቶች ላይ የሚታየው ችግር እውነተኛ ነው፤ የአትክልተኛውንም ምሬት እረዳለሁ። ክሽክሽና በቅጠልና በቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው የዕፁን ጭማቂ የሚመጥጡ ሌሎች ጥቃቅን ነፍሳት ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ። ጉንዳኑ ያን ፈሳሽ ስለሚፈልግ እንደ ከብት ይጠብቃቸዋል፤ ክሽክሽ የምትበላውን ጀርባዋ ነጠብጣብ ያለበትን ቀይ ጥንዚዛ ያባርርላቸዋል። እዚህ ላይ ጉንዳኑ የሚጠብቀው ዛፉን ሳይሆን የዛፉን ጠላት ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው ጉንዳኑን ተከትሎ መሄድ ነው። ሰልፉ የሚቆመው በቅጠሉ ዘንግ ላይ ባለችው ዕጢ ከሆነ ሊተው ይገባል። የሚቆመው በተከማቹ ጭማቂ መጣጮች ላይ ከሆነ፣ ቅጠሉም የሚያጣብቅና ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ሻጋታ የለበሰ ከሆነ፣ እርምጃ ያስፈልጋል። ያኔም ቢሆን ዛፉን በሙሉ በመርዝ ማጠብ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት፤ መርዙ ጥንዚዛዋንም ንብንም ይጨርሳልና። መሬት ወይም አጥር የሚነኩ ቅርንጫፎችን ቆርጦ፣ በግንዱ ዙሪያ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ጠምጥሞ በላዩ ግራሶ መቀባት የጉንዳኑን መንገድ ይዘጋል። ግራሶው ልጡን እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው። ጉንዳኑ ሲቀር የነፍሳቱ የተፈጥሮ ጠላቶች ሥራቸውን ይሠራሉ፤ የተረፈውን በሳሙና ውኃ ማጠብ ይቻላል።

ጉንዳንን በአትክልት ቦታ ሆን ብሎ ማኖር አዲስ ነገር እንዳልሆነም ላስታውስ። በደቡብ ቻይና የብርቱካን ገበሬዎች ቅጠል እየሰፉ በዛፍ ላይ ጎጆ የሚሠሩ ጉንዳኖችን ከነጎጆአቸው በገበያ እየገዙ በዛፎቻቸው ላይ ያኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ304 ዓመት አካባቢ የተጻፈ መዝገብ ይናገራል። እነዚህ ጉንዳኖች ቅጠሎቹን የሚሰፉት እጮቻቸው በሚያወጡት ሐር ነው። የእነሱ አፍሪካዊ ዘመድ ዛሬም በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ በማንጎና በካሹ እርሻዎች ተባይ ለመከላከል ይሞከራል፤ በጥቅም ላይ የዋለበት ቦታም አለ።

ንብ አናቢዎች በዚህ ሐሳብ እንደማይደሰቱ አውቃለሁ። ጉንዳን የወረረው ቀፎ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ሊወደው አይችልም፤ የቀፎውን ማስቀመጫ እግር አመድና ግራሶ ማድረግም ተገቢ ነው። ይሁንና በዛፉ አበባ ላይ ያለው ጉዳይ የተለየ ነው። ፓት ዊልመርና ግራሃም ስቶን በታንዛኒያ ጉንዳን በሚጠብቀው አንድ የግራር ዓይነት ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳተሙት፣ አበባው አዲስ ሲፈነዳና ዱቄቱ ሲዘጋጅ ጉንዳኖቹ ወደ እሱ አይጠጉም፤ አበባው የሚያባርራቸው ሽታ አለው። ንቦች በዚያ ሰዓት መጥተው ዱቄቱን ያዛውራሉ። ሽታው ካለፈ በኋላ ጉንዳኖቹ ይመለሱና ገና የሚያፈራውን አበባ ይጠብቃሉ። ዛፉ ሁለቱንም አገልጋዮቹን በሰዓት ለይቶ ያስተናግዳል። የግራር ማር የሚቆርጥ ሰው ዛፉ ላይ ያለውን ጉንዳን ለንቦቹ ሲል ማጥፋት የለበትም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ተራሮቻችንን ጉዳይ ማንሳት እወዳለሁ። በወሎ ተራራ መከለል ከ1970ዎቹ ጀምሮ በምግብ ለሥራ የተስፋፋ፣ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት ከፊሉ የተመነጠረ፣ ኋላም በተፋሰስ ልማት ሥራ እንደገና የተመለሰ ታሪክ አለው። አንዳንድ ሰዎች «አጥሩ ዛፉን እንደሚያዳክም በኬንያ ተረጋገጠ» ሲሉ ሰምቻለሁ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። በላይኪፒያ ዝሆንና ቀጭኔን የመሰሉ ትላልቅ ቅጠል በሎች ለአሥር ዓመት ያህል በአጥር እንዳይገቡ ሲደረግ፣ የሚያፏጨው ግራር ለጉንዳኖቹ የሚያቀርበውን ፈሳሽና ያበጠ እሾህ ቀነሰ። የሚነክሰው ከሌለ ለጠባቂ መክፈል ለምን ያስፈልገዋል? ደመወዙ ሲቀንስ ጠንካራው ጠባቂ ሚሞሴ እየሳሳ፣ ቡርቡር ወዳዱ ሾስቴቲ እየበዛ ሄደ፤ ዛፎቹም የጥንዚዛ መጫወቻ ሆነው ዕድገታቸው ቀነሰ፣ የሚሞተውም በዛ።

ጥናቱ እውነት ነው፤ የተሰጠው ትርጉም ግን የተሳሳተ ነው። እሱ ስለ አንድ የዛፍ ዝርያ፣ ለብዙ ዘመናት ከዝሆንና ከቀጭኔ ጋር ስለ ኖረ ሜዳ የሚናገር ነው። የእኛ ተራሮች የተከለሉት ግጦሽና መጥረቢያ ልጣቸውን ገፎ አፈራቸው እየታጠበ ስለነበር ነው፤ ፍየል እንዳይገባ ካልተከለከለበት ገደል ላይ ግራር በቀላሉ አያድግም። ከጥናቱ ለእኛ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥቋጦው ከጠናና ዛፉ ራሱን ከቻለ በኋላ ክልሉን ማን፣ መቼ፣ በምን ያህል መጠን ይጠቀምበት የሚለው ውሳኔ በዛፉ ላይ የሚኖሩትን ጥቃቅን ፍጥረታት ጭምር ግምት ውስጥ ያስገባ ቢሆን ይሻላል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሥነ ሕይወት ተማሪዎችና የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ለመመረቂያም ሆነ ለምርምር ርዕስ ሲፈልጉ፣ በተከለለና ባልተከለለ ቦታ ባለ ግራር ላይ የሚወጡትን ጉንዳኖች መቁጠር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

በመጨረሻ የችግኝ ጣቢያዎችን የሚመለከት አንድ አስቸኳይ ነጥብ አለ። ጉንዳንን ስለ መርጨት ብዙ ሲወራ፣ ባዕድ ጉንዳን ከችግኝ ጋር ስለ ማጓጓዝ ግን ማንም አያነሳም። ራሰ ትልቁ ጉንዳን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፌይዶሌ ሜጋሴፋላ፣ ከሰው ዕቃና ከተክል አፈር ጋር እየተጓዘ በብዙ የዓለም ክፍል ተዛምቷል። ላይኪፒያ የደረሰው በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው። የሚያፏጨውን ግራር ጠባቂዎች ይፈጃል፤ እሱ ራሱ ግን ዛፉን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዳግላስ ካማሩና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ውጤቱ እስከ አንበሳ ድረስ እንደደረሰ አሳይቷል። ባዕዱ ጉንዳን በወረረው ቦታ ዝሆኖች ግራሩን የሚሰባብሩት ካልተወረረው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ በሚሆን መጠን ነው። ዛፉ ሲሳሳ ሜዳው ተገለጠ፤ አንበሳ አድፍጦ የሜዳ አህያ የሚይዝበት መሸሸጊያ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2003 አንበሶቹ ከገደሉት ውስጥ 67 በመቶ የነበረው የሜዳ አህያ ድርሻ በ2020 ወደ 42 በመቶ ወረደ፤ ቀድሞ ያልነበረው የጎሽ ድርሻም ወደ 42 በመቶ ወጣ።

በወሎ ቆላ ዝሆን የለም፤ ግመልና ፍየል ግን አለ፣ የሚተከለውም ግራር ጠባቂ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ችግኝ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው፣ ይልቁንም ከሌላ ክልል ወደ ወሎ ሲጓጓዝ፣ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት የፕላስቲክ ቱቦው ግርጌና በታቹ ያለው አፈር ቢመረመር፣ በአፈሩ ውስጥ ጎጆ የሠራ ጉንዳን ያለበት ችግኝ ተለይቶ ቢቀር፣ ለዚህም የሚሆን አጭር መመሪያ ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ቢሰጥ መልካም ነው። የዚህ ዓይነት ምርመራ የሚፈልገው አንድ ሠራተኛና ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ጋዜጣችሁም በመጪው ክረምት የችግኝ ቁጥር ሲዘግብ፣ ከየት መጣ፣ በምን አፈር ውስጥ ተጓዘ የሚለውን ጥያቄ ለኃላፊዎቹ እንዲያቀርብ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረታ የወጡ የሥነ ሕይወት መምህር
ከኮምቦልቻ፣ ወሎ